45 ሜትር ኬብል፦ የጎንደር የኮምፒውተር ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ዕቃው ዛሬ ጎንደር ገባ። በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን በአዲስ ሲቀይር የለቀቃቸው 16 ዴስክቶፖችና 4 ላፕቶፖች ናቸው። የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ጉዳይ ሦስት ወር ፈጅቷል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። እኔም ከሥራዬ ያለ ደመወዝ የ10 ሳምንት ፈቃድ ወስጄ መጥቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ በመሆኑ ጎንደርን ከዚህ በፊት የማውቃት በእንግድነት ብቻ ነበር።

ቦታው ከፒያሳ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚያቆለቁለው በኩል ያለ የወጣቶች ማዕከል ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ። ላይኛው ቤተ መጻሕፍት ሲሆን የስልክ መስመሩና ኢንተርኔቱ የሚገቡት እዚያ ነው። ታችኛው ቀድሞ የዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ፣ ግድግዳው ክንድ ያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ቤት ሲሆን ለኮምፒውተር ክፍልነት የተሰጠን እሱ ነው። በሁለቱ መካከል 45 ሜትር መሬት አለ፤ ከዚህም ላይ ዘበኛው ድንችና ጎመን የሚያለሙበት አነስተኛ ጓሮ ይገኛል። ዘበኛውን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። ከአሜሪካ የመጡት አሮጌ ዴስክቶፖች በፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ በሚያከፋፍለው ሣጥን) ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ መሰል ቁልፍ አላቸው። በአሜሪካ ያለው 120 ቮልት ስለሆነ ቁልፉ 115 ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። የእኛ መስመር 220 ነው። ይህን በደንብ የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ለመጀመር በመቸኮሌ ሁለቱን ሳልመለከት ሰካኋቸው። ሁለቱም ተራ በተራ እንደ ርችት ጮኸው የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ሦስተኛውን ከመሰካቴ በፊት ቁጭ ብዬ የ14ቱንም ቁልፍ በካቻቢቴ ወደ 230 አዛወርሁ። እያንዳንዱ ላይም በነጭ ናስትሮ «220 ተደርጓል» ብዬ ለጠፍሁ። ማዘርቦርዶቹ ተርፈዋል። ሁለት ያገለገሉ ፓወር ሰፕላዮች በ650 ብር ሒሳብ ፒያሳ ገዛሁ፤ በድምሩ 1,300 ብር ነው። በጥቅምት መግቢያ ላይ የብር ምንዛሪ በ15 በመቶ እንዲቀንስ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንደጨመረ ነጋዴው ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሳምንቱ በጽዳት አለፈ። ሣጥኖቹን ስንከፍት አቧራው እንደ ሱፍ ተጋግሯል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ የሁሉንም የፕሮሰሰር ቅባት ጠርገን በአዲስ ቀየርን። የማዘርቦርዱን ሰዓት የሚያቆየው ክብ ባትሪ በ11ዱ ላይ ሞቶ ነበር። አንዱ 25 ብር ስለሆነ ለ16ቱም ገዛን፤ 400 ብር። ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር በተነሣ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመልሰዋል፤ በዚህ ምክንያት ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያልደረሰ ነው ብሎ አልከፍትም ይላል። ስለ ሰዓት ያን ቀን ይህን ያህል ካወቅሁ በኋላ ወደ ፊት የሠራሁትን መሥራት አልነበረብኝም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ዙቡንቱ 16.04 የተባለውን ቀለል ያለ የሊኑክስ ሥርዓት ጫንን። ለአማርኛ መጻፊያ ድምፅን ተከትሎ በላቲን ቁልፎች የሚሠራውን መረጥን፤ ምክንያቱም አዲስ የቁልፍ ሰሌዳ ማተም አያስፈልገውም። በዚህ አጻጻፍ ሳድስ ፊደል አናባቢ አይፈልግም፤ «ጅብ» ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ደስ አላቸውና የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ በሳድስ ቃላት ፍለጋ አለቀ። ያስቸገረን ማዕከሉ ቀድሞ በቪዥዋል ግዕዝ የጻፋቸው አሮጌ ሰነዶች ናቸው። ያ ፎንት ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር ከሚያስማማው ደረጃ) በፊት የነበረ በመሆኑ ሰነዶቹ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ። ለጊዜው ትተናቸዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ኬብሉ ተዘረጋ። ዴስክቶፖቹ ገመድ አልባ ካርድ የላቸውም፤ ላፕቶፑም ቢሆን በእነዚያ የድንጋይ ግድግዳዎች በኩል የቤተ መጻሕፍቱን ዋይፋይ አያገኝም። ስለዚህ ያለው አማራጭ ገመድ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ራስቤሪ ፓይ የተባለ አንድ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር አስቀምጠን ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ ጫንንበት። መስመሩ ሲቋረጥም ልጆቹ ሳይቸገሩ እንዲያነቡ ታስቦ ነው።

305 ሜትር የሚይዝ አንድ ካርቶን ኬብል በ2,650 ብር ገዛን። ተማሪዎቹ፣ ጋሼና እኔ በአንድ ዶማና በሁለት አካፋ ሦስት ቀን ቆፈርን። መሬቱ ከላይ ለስላሳ ቢሆንም ከአንድ ስንዝር በታች ድንጋይ ነው፤ እኛም ደክሞን 15 ሳንቲሜትር ላይ አቆምን። ጋሼ «ይሄ ጥልቅ አይደለም፣ ልጄ» ብለውኝ ነበር። መኪና የሚሄድበት አይደለም ብዬ መለስሁላቸው። ኬብሉን ያለ ምንም ሽፋን ቀበርነው። ከቀትር በኋላ 14 ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ኪዊክስን ከፈቱ።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

መስመሩ ሞቶ አገኘነው። ተከትለን ስንሄድ ከቤተ መጻሕፍቱ 6 ሜትር ያህል ላይ አፈሩ ተቆፍሯል፤ ኬብሉ ተበጥሶ ከመካከሉ አንድ ክንድ የማይሞላ ጎድሏል። የማዕከሉ አስተባባሪ ወዲያው የመዳብ ሌባ ነው አለች፤ በከተማው የስልክና የመብራት ሽቦ እየተቆረጠ እንደሚሸጥ ስለምትሰማ። እኔም ተስማማሁ።

ጋሼ ቁጢጥ ብለው ጫፉን በእጃቸው አገላብጠው አዩት። «ሌባ ቢሆን ቆርጦ ይወስደው ነበር እንጂ አኝኮ አይተወውም። ይሄ ጃርት ነው፤ ድንቼን የፈጀውም እሱ ነው» አሉ። የድንች መደቡንም አሳዩን፤ እውነትም እንደ ፈንጣጣ እዚህም እዚያም ተጭሯል። እኔ ግን ጃርት የፕላስቲክ ሽቦ ምን ያደርግለታል ብዬ አላመንኋቸውም። የኬብሉን ጫፍ እኔም በእጄ ይዤው ነበር፤ ሰማያዊው ልባስ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጥንድ ጥንድ ቦዮች ነበሩበት። አይቻቸዋለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

የተበጠሰውን በማጋጠሚያ ቀጥለን ሙሉውን 45 ሜትር በፕላስቲክ ኮንዲዩት (የሽቦ መከላከያ ቱቦ) ውስጥ አስገባን። 15 ቱቦ በ38 ብር፣ 570 ብር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ሆኖታል፤ ምንም አልደረሰም። መፍትሔውን ያገኘን መሰለኝና ለአስተባባሪዋ ጉዳዩ ተዘግቷል አልኋት። ጋሼ ሰማይ ሰማይ እያዩ «አሁን ጨረቃዋ ሙሉ ናት» ብቻ አሉኝ፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

እንደገና ተቆረጠ፤ ከነኮንዲዩቱ። ቱቦው በአንድ በኩል እንደ ቆሎ ተሰባብሮ ስብርባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። የተማሪዎቹ ትምህርት ተቋረጠ፤ ከእነሱ መካከል ለ10ኛ ክፍል ፈተና ከኪዊክስ ላይ ማስታወሻ የሚይዙ ነበሩና ከልቤ ተናደድሁ።

ማን እንደሆነ ለማየት ካሜራ ለመሥራት ወሰንን። በገበያ የሌሊት ካሜራ ስላላገኘን አሮጌ የዩኤስቢ ዌብካም ፈታን። ከሌንሱ ጀርባ ኢንፍራሬድ ብርሃንን የምታግድ ትንሽ ቀላ ያለች መስታወት አለች፤ እሷን በጥንቃቄ ስናነሣት ካሜራው ዓይን የማያየውን ብርሃን ማየት ጀመረ። ለመብራቱ ከተበላሹ የቴሌቪዥን ሪሞቶች 6 ኤልኢዲ ነቅለን ሦስት ሦስቱን በተከታታይ፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ የ22 ኦም ሬዚስተር ጨምረን፣ ከ5 ቮልቱ የዩኤስቢ መስመር ጋር በየድናቸው። ወጪው ከተማሪ ቤት በመጡት ሪሞቶች ምክንያት ዜሮ ነው። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ከ3 ሜትር በላይ አያሳይም። ካሜራውን በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ አድርገን ከራስቤሪ ፓዩ ጋር አገናኘነው፤ እንቅስቃሴ ሲያይ ፎቶ ያነሣል።

በታችኛው ቤት ደግሞ አንድ ላፕቶፕ በየደቂቃው ራስቤሪ ፓዩን እየጠራ መልስ ማግኘቱን እንዲመዘግብ አደረግሁ። ኬብሉ የተቆረጠበትን ደቂቃ ከላፕቶፑ፣ የመጣውን ሰው ከካሜራው እናገኛለን የሚል ነበር ሐሳቡ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

ሌሊቱን ተቆረጠ። ላፕቶፑ መልስ ያጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ካሜራው ያስቀመጠው የሌሊት ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ጋሼ ባትሪ ይዘው ወደ መስመሩ ጎንበስ ብለው ይታያሉ። በፎቶው ላይ የተጻፈው ሰዓት 7 ሰዓት ከ58 ነው። ከመቆረጡ 12 ደቂቃ በፊት።

ፎቶውን ለአስተባባሪዋ ወስጄ አሳየኋት። ጋሼን ጠርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ውሻ ሲጮኽና መሬት ሲጫር ሰምተው እንደ ወጡ፣ ሲደርሱ ግን ምንም እንዳላገኙ ተናገሩ። ከሰዓቱ ጋር ስላልገጠመልን ሁለታችንም ዝም አልን። ጋሼ ዝምታችንን ተረዱት። «እንግዲህ ማሽኑ ካለ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

የተሳሳተው ሰዓቱ ነው።

ከትናንት ጠዋት የተነሡትን ፎቶዎች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እያገላበጠች ሳለ እኔ በመስመሩ በኩል ሳልፍ የተነሣሁትን አገኘች። «እርስዎ ትናንት የመጡት ልክ 2 ሰዓት ነው፤ በሩን የከፈትሁልዎ እኔ ነኝ። ፎቶው ግን 1 ሰዓት ከ20 ይላል» አለችኝ። ስልኬን አየሁ፤ ለአስተባባሪዋ «ደርሻለሁ» ብዬ የላክሁት መልእክት 2 ሰዓት ከ1 ላይ ነው።

ራስቤሪ ፓይ እንደ ዴስክቶፖቹ በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለውም። ኢንተርኔት ካለ ከዚያ ይወስዳል፤ ከሌለ ደግሞ ከመጥፋቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። የረቡዕ ማታ መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ25 ጠፍቶ 3 ከ57 ላይ ተመልሷል፤ ኢንተርኔቱ ግን እስከ ትናንት ከቀትር በኋላ አልመጣም። ፓዩ ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጠው ሰዓት 3 ከ17 ስለነበር መብራት ሲመጣ ከዚያ ቀጠለ። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ 40 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የላፕቶፑ ሰዓት ግን በራሱ ባትሪ ስለሚሄድ ትክክል ነው። ጋሼ የወጡት 8 ሰዓት ከ38 ላይ ነው፤ ኬብሉ ከተቆረጠ ከ28 ደቂቃ በኋላ። ቃላቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እውነት ነበር።

አስተባባሪዋንና ተማሪዋን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድሁ። የዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥሬ ሽምብራ ይለቅሙ ነበር። ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው፤ ከዚያም በማሽኑ አምኜ እሳቸውን መጠርጠሬን በግልጽ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን ብዙ ካዩ በኋላ «ሰዓቱ የተሳሳተው መብራት ስለጠፋበት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አዎ አልኋቸው። «እኔን ጠይቃችሁኝ ቢሆን መብራት መጥፋቱን እነግራችሁ ነበር» አሉ። ይቅርታዬን ተቀበሉ፤ ግን ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ መውሰዱም ተገቢ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ፓዩ ሰዓቱን ከላፕቶፑ በኬብሉ በኩል እንዲወስድ አድርጌአለሁ፤ ኬብሉ ቢቆረጥም እስከዚያች ደቂቃ ያለው ሰዓት ትክክል ይሆናል። የመዝገቡ የመጀመሪያ ዓምድም በየማታው ጋሼ በእጃቸው የሚጽፉት መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ሆኗል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13

ካሜራውን ጋሼ ወዳሉት ቦታ፣ ወደ ድንች መደቡ ጥግ አዛወርነው። በቆርቆሮ ክዳን ሸፍነን በ5 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ዘረጋነው።

ረቡዕ ሌሊት መጀመሪያ የታየው ጅብ ነው። ከኋላው ዝቅ፣ ከትከሻው ከፍ ያለ፣ ነጠብጣቡ በግልጽ የሚታይ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ካሜራውን አሽትቶ፣ በ4 ፎቶ ውስጥ ግቢውን አቋርጦ ወጣ። ኬብሉን አልነካም። ልጆቹ ከመደንገጥ ይልቅ የሚያውቁት ጎረቤት ያለፈ ያህል ነበር ያዩት።

ትናንት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ44 ላይ ደግሞ ጃርቱ መጣ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሚታየው ደብዛዛ ክምር ነው። በሁለተኛው አፍንጫው አፈር ውስጥ ነው። በሦስተኛው የፊት እግሮቹ ይቆፍራሉ፤ ከራሱ ላይ የሚነሣው ረጅም ጋማ ወደ ኋላ ተጋድሞ የጀርባው እሾህ ነጭና ጥቁር እየሆነ ይታያል። በዘጠነኛው ፎቶ ኮንዲዩቱን በሁለት እጁ እንደ ሸንኮራ ይዞ በፊት ጥርሱ ገብቶበታል። 11 ደቂቃ ቆየ። ጠዋት ከቦታው አንድ ስንዝር ከግማሽ የሚሆን እሾህ አገኘን፤ ጋሼ አንሥተው ለተማሪዋ ሰጧት።

ያን ቀን ትምህርቱ ሁሉ ስለ ጃርት ሆነ። ጃርት ከአይጥ ወገን ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድጉ ጠንካራ ነገር ማኘክ አለበት፤ አጥንት ሳይቀር ወደ ጉድጓዱ ወስዶ ይግጣል። ኅዳር 18 ያየኋቸው ጥንድ ቦዮች የጥርሱ ምልክቶች ነበሩ። እሾሁን ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሲነካ ይነቀላል እንጂ ከሩቅ አይላክም። ስለ ጨረቃዋም ጋሼ ልክ ነበሩ፤ ጃርት በደማቅ ጨረቃ መውጣት ይፈራል። ኅዳር 25 ኮንዲዩቱ ሠራ ያልሁት ጨረቃዋ ሙሉ የነበረችበትን ሳምንት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ምን ይደረግ የሚለው ላይ ክርክር ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል መርዝ እንድናደርግ ሐሳብ አቀረቡ፤ ርካሽ ነው፣ ከገበያም ይገኛል። ጋሼ እምቢ አሉ። ከዓመታት በፊት በሰፈሩ ለውሻ የተቀመጠ መርዝ ጥንብ አንሣዎችን በአንድ ጊዜ እንደ ፈጀና ከዚያ በኋላ የሞተ አህያ ለቀናት ሸትቶ እንደ ነበር ነገሩን። እኔም ራሰ በራው ትንሹ ጥንብ አንሣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 መመደቡን፣ ለዚህም ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ መሆኑን አክዬ ተናገርሁ። በመጨረሻ መርዙ ቀረ።

የብረት ቱቦ አስጠየቅን፤ ለ45 ሜትር 8 ቱቦ ያስፈልጋል፤ 2,800 ብር። የቀረን ገንዘብ 1,900 ነው። በአየር ላይ በሽቦ ማንጠልጠልም አሰብን፤ ግን መካከል ላይ ምሰሶ ይፈልጋል።

መፍትሔው ከጋሼ መጣ፦ ድንጋይ። ጉድጓዱን ወደ 30 ሳንቲሜትር አጥልቆ፣ ግራና ቀኙን ድንጋይ አሰልፎ፣ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ መግጠም። ጎንደር ላይ ድንጋይ አይገዛም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20

አምስት ቀን ሠራን። ጠፍጣፋውን ድንጋይ ልጆቹ ከወንዙ ዳር በኬሻ ተሸከሙ። ከባዱ ሥራ ከታች ያለውን ድንጋያማ መሬት መቆፈር ነበር፤ አንድ የዶማ እጀታ ተሰብሮ 60 ብር ከፍለን አስቀየርን። አዲስ ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ ኬብል አስገባን፤ ከካርቶኑ እስካሁን 140 ሜትር ያህል ወጥቷል። ጋሼ እያንዳንዱን ድንጋይ በተረከዛቸው ረግጠው ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ወደሚቀጥለው ያልፉ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ እኔ የገጠምሁትን አንሥተው እንደገና ገጥመውታል።

የማታው ክፍል ሰዓትም ተለወጠ። እስካሁን ከ11 ሰዓት ከ30 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከ30 ነበር። በካሜራው ላይ ጅቡን ካየን በኋላ ሴቶቹ ተማሪዎች ጨለማ ሳይገባ ቤታቸው መድረስ እንደሚፈልጉ፣ ቀድሞም ለዚህ ብለው የሚቀሩ እንደ ነበሩ ነገሩን። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ከ9 ሰዓት ከ30 እስከ 11 ሰዓት ከ30 ሆኗል፤ የሚመጡት ሴቶች ቁጥር ከ5 ወደ 12 ከፍ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ጥር 1

ገና በሰላም አለፈ። ክፍሉ ሲከፈት አንዱ ስታቢላይዘር (የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነው ሣጥን) አይሠራም፤ ስንፈታው እንሽላሊት ለሙቀት ገብታ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሞታለች። ፊውዝ 10 ብር። የሁሉንም ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ሸፈንን። በዴስክቶፖቹ ጀርባ ክዳን የጎደለባቸውን ቀዳዳዎችም ለአይጥ እንዳይሆኑ በተቆረጠ ላሜራ ደፈንን።

እሑድ፣ ጥር 6

አራቱን ላፕቶፖች ይዘን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ደባርቅ ነበርን፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ለሦስት ቀን የአማርኛ አጻጻፍና ኪዊክስ አሳየን። ከልጆቹ መካከል ከግጭ የመጣ አንድ ነበር። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ሲሆን ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ባለፈው ጁላይ 2017 ነው ከዚያ ዝርዝር የወጣው። ልጁ ስለ ዝርዝሩ አያውቅም፤ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ከየትኛውም ገጽ በላይ ያውቃል። ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ እንደሚያድር፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ሜዳ ላይ እንደማይወጣ ነገረን። «ጭላዳ» የሚለውን ለመጻፍ ለ«ጭ» ትልቁን ሲ መንካት እንዳለበት ሳሳየው ወዲያው ያዘ።

ዛሬ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር በፓርኩ በኩል ያለው ቡይት ራስ ደርሼ ራሴ አየኋቸው። ከመንጋው መካከል ተቀምጣ የምትግጥ አንዲት እናት አራት ርምጃ ያህል ትርቀኝ ነበር። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ሣሩን አንድ አንድ እየነቀሰች፣ ግራና ቀኝ እጇን እያፈራረቀች፣ እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ትወስዳለች፤ ሳትነሣ በመቀመጫዋ ተንሸራትታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ያ ልጅ ቁልፍ ሲነካ ያየሁት እንደዚሁ በሁለት ጣት ነበር፤ ግን አይሳሳትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

ለከተራና ለጥምቀት ክፍሉ ተዘጋ። ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ፣ ከፋሲለደስ መዋኛ የሚመለሰው ሕዝብ ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር። ጥር 9 ጨረቃ የለችም፤ ከጥር 2 እስከ ዛሬ ያሉት ሌሊቶች ለመስመሩ እውነተኛ ፈተና ነበሩ። ጃርቱ ሦስት ጊዜ መጥቷል። በፎቶው ድንጋዩን ሲጭር፣ ጥጉን ሲፈትሽ፣ ከዚያ ወደ ድንቹ ሲሄድ ይታያል። ጋሼ የመደቡን ዳር ትንሽ ቦታ ሳያጥሩ ትተውለታል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሌላ የሚቆፍረው ነገር ይኑረው» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ነገ እሄዳለሁ። ርክክቡ ተጽፎ ተፈርሟል፦ የሚሠሩ 15 ዴስክቶፖች፣ በማራገቢያው ጩኸት ምክንያት ለመለዋወጫ የተቀመጠ አንድ፣ አራት ላፕቶፖች፣ ራስቤሪ ፓዩ ከነካሜራው፣ 165 ሜትር ያህል ኬብል፣ የኬብል ጫፍ መግጠሚያው ክሪምፐርና መፈተሻው ቴስተር። የመብራት መዝገቡ በጋሼ እጅ ይቆያል። የቪዥዋል ግዕዝ ሰነዶች አልተሠሩም፤ ተማሪዋ በቀን ሁለት ገጽ እንደገና እየተየበች ነው።

ማታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ መስመሩን ለካን። እኔ ታች ቤት አንዱን የቴስተር ጫፍ ሰካሁ፤ ጋሼ ሌላውን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ቆሙ። ከግቢው ማዶ በድምፃቸው ቆጠሩልኝ፦ አንድ በራ፣ ሁለት በራ፣ እያሉ እስከ ስምንት።